ሴቷን ቡችላ ለምን እንጥላታለን? ውሻንና ድመትን ስለማምከን

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ማለዳ ጣና ዳር፣ አሳ ከሚራገፍበት ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ የተቀመጠ የፓስታ ካርቶን አየሁ። ውስጡ ስድስት ቡችላዎች ነበሩ። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተንፏቀቀ እናቱን ይፈልጋል። አጠገቡ አሳ የሚያጸዱ አንዲት እናት ቢላቸውን አስቀምጠው፣ ቡችላዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ ገልበጥ አድርገው አዩአቸው። «ሁሉም ሴቶች ናቸው ልጄ። ወንዱንማ ማን ይጥለዋል?» አሉኝ።

ያሉት እውነት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ውሻ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚጠይቀው ወንድ ቡችላ ነው። ሴቷ «ትወልድብናለች፣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ በራችን ላይ ትሰበስብብናለች» ተብላ ትተዋለች። ከተጣሉት አብዛኞቹ ይሞታሉ። የተረፉት ልኳንዳ ቤት ደጃፍ፣ ሆቴል ጓሮና ሐይቁ ዳር አድገው ይወልዳሉ። ማታ ማታ «ውሻው በዛ፣ መንገዱን አላሳልፍ አለን» የምንልበት ችግር የሚጀምረው እንግዲህ መንገድ ላይ ሳይሆን ግቢያችን ውስጥ፣ ቡችላ ስንመርጥ ነው። ሴቷን ያለ ሥጋት ማሳደግ የሚቻልበት መንገድ ግን አለ።

ማምከን ማለት ምንድን ነው?

እንስሳው ዳግመኛ እንዳይራባ በቀዶ ሕክምና ለዘለቄታው ማድረግ ነው። በወንዱ ሁለቱ ቆለጦች ይወጣሉ፤ ይህንን ድሮም «ማኮላሸት» እንለዋለን። በሴቷ ደግሞ ሆዷ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ በትንሹ ይከፈትና ሁለቱ የእንቁላል ማመንጫዎች፣ ብዙውን ጊዜም ማሕፀኗ አብሮ ይወጣል። ሁለቱም የሚሠራላቸው በማደንዘዣ ሙሉ በሙሉ ተኝተው ነው። በዚህ ጽሑፍ ለወንዱም ለሴቷም «ማምከን» እላለሁ።

በሰው ላይ ከሚደረገው ቱቦ መቋጠር ይለያል። ቱቦ ሲቋጠር የሚዘጋው መንገዱ ብቻ ነው፤ ሆርሞኑ እንዳለ ይቀጥላል። ሆርሞን ማለት ከአንድ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ በደም እየተጓዘ ለሌላው ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ቆለጥና የእንቁላል ማመንጫ ዘር ከማዘጋጀታቸው በተጨማሪ «ውጣ፣ ፈልግ፣ ተጣላ»፣ «ጥሪ፣ ተቀበዪ» የሚሉትን መልእክቶች የሚልኩ ናቸው። እነሱ ሲወጡ መልእክቱም ይቋረጣል። የመከነች ውሻ አትወልድም ብቻ ሳይሆን ወንዶቹን ወደ በራችሁ የሚጠራው ሽታዋም አይኖርም።

ታዲያ ይኼ ከየት የመጣ ነገር ነው?

ከቤታችን። ለፋሲካ ሙክት የሚመርጥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሙክት የተኮላሸ በግ ወይም ፍየል ነው፤ ሰንጋውም የተኮላሸ በሬ ነው። ወጠጤ ፍየል ያሳደገ ሰው ሽታውን፣ አጥር መዝለሉን፣ ከሌላው ጋር መጋጨቱን አይረሳም። ሲኮላሽ ይረጋል፣ ሥጋ ይይዛል፣ ሽታውም ይጠፋል። አባቶቻችን ሆርሞን የሚለውን ቃል ሳይሰሙ ሥራውን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር።

ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። በሬ በባሕላዊ መንገድ የሚኮላሸው በመቀጥቀጥ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሞች ደግሞ ቡርዲዞ በሚባለው ትልቅ ጉጠት የዘር ቧንቧውንና ደም ስሩን ከቆዳው ውጭ ጨምቀው ያቋርጡታል። ይህ ለውሻና ለድመት አይሆንም። ሰው ቤት ሊሞክረውም ፈጽሞ አይገባም። ውሻ የሚመክነው በቀዶ ሕክምና፣ ተኝቶ፣ በሐኪም እጅ ብቻ ነው።

ወንዱን ብቻ ባኮላሸውስ አይበቃም?

ለእርስዎ ውሻ ጥሩ ነው። ለሰፈሩ ግን አይበቃም።

የመንደሩን ላሞች ያስቡ። አሥር ኮርማ ካለ መንደር ዘጠኙ ቢኮላሹ በዓመቱ የሚወለደው ጥጃ አይቀንስም፤ የቀረው አንዱ ለሁሉም ይደርሳል። በውሻም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም አንዲት ውሻ በአንድ ወሊድ ከተለያዩ አባቶች የተፀነሱ ቡችላዎች ልትወልድ ትችላለች። ቁጥሩን የምትወስነው ሴቷ ናት። አንዲት ሴት ውሻ ስትመክን ግን ከእሷ ሊወለዱ የነበሩት ሁሉ ይቀራሉ፤ በሰፈሩ ስንት ወንድ ቢኖርም ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ ገንዘብም ጊዜም ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሴቷ ትቅደም እላለሁ።

ወንዱም ቢመክን ለራሱ ብዙ ይተርፋል። ሴት ፍለጋ አጥር ዘሎ አስፋልት ላይ በባጃጅ አይገጭም፣ ተነካክሶም ጆሮው ተቀዶ አይመለስም። ደግሞም በግንኙነት የሚተላለፍ አንድ ዕጢ አለ። ዕጢውን የሚያመጣው ተሕዋሲ አይደለም፤ የዕጢው ሕዋስ ራሱ ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው ተሻግሮ ይበቅላል። ከብልታቸው ደም የሚንጠባጠብባቸውና የአበባ ጎመን የመሰለ እብጠት የሚወጣባቸው ውሾች ብዙ ጊዜ ይህ ዕጢ ያለባቸው ናቸው። ሰውን አይነካም፤ ለሳምንታት በሚሰጥ መርፌም ብዙዎቹ ይድናሉ። ከግቢው የማይወጣና የማይገናኝ ውሻ ግን ብዙውን ጊዜ አያገኘውም።

አንዲት ውሻ ስንት ትወልዳለች?

ሴት ውሻ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ትፈልጋለች፤ ከዚያ በኋላ በአማካይ በዓመት ሁለት ጊዜ። እርግዝናዋ 63 ቀን ያህል ነው። መካከለኛ ቁመት ያላት ውሻ በአንድ ወሊድ ከአራት እስከ ስምንት ትወልዳለች።

እዚህ ላይ ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ በጠቅላላው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል። መጀመሪያ ላይ፣ ዘጠኝ ቀን ለሚያህል ጊዜ፣ ብልቷ አብጦ ደም ይታያል። በዚህ ወቅት ወንዶቹ ቢከቧትም አትቀበላቸውም። ባለቤቱ በሩን ዘግቶ ይጠብቃል፤ ደሙ ሲቀንስና ሲነጣ «እፎይ፣ አለፈላት» ብሎ ይለቃታል። የምትፀንሰው ግን ያኔ ነው። «ዘግቼባት ነበር፣ እንዴት አረገዘች?» የሚል ሰው ያጋጠመው ይኸው ነው።

አንዲት ውሻና ልጆቿ በጥቂት ዓመታት ሺዎች ይሆናሉ የሚል ሥዕል አይታችሁ ይሆናል። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ይሠራል፤ ሁለት ወሊድ በስድስት ቡችላ ሲባዛ በዓመት አሥራ ሁለት ነው፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው፣ እነሱም ይወልዳሉ። በእውን ግን እንዲያ አይሆንም። ምክንያቱም መንገድ ላይ የሚወለዱ ቡችላዎች አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው በረሃብ፣ በበሽታ፣ በመኪና ይሞታሉ። የከተማውን የውሻ ቁጥር ዛሬ የያዘው ይኸው ሞት ነው። ማምከን የሚያደርገው ቁጥሩን የሚይዘው ነገር እንዲለወጥ ነው፤ ለሞት የሚወለደው እንዳይወለድ።

ድመትስ?

ድመት ከውሻ ትፈጥናለች። አራት ወር ሲሞላት እንኳ ማርገዝ ትችላለች፤ ራሷ ገና ግልገል ሳለች ማለት ነው። የድመት የመራቢያ ወቅት የሚመራው በቀኑ ርዝመት ነው። ክረምታቸው ረጅም ሌሊት በሆነባቸው አገሮች ድመቶች ለወራት ያርፋሉ። ባሕር ዳር ግን ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይበላለጥም፤ ስለዚህ እዚህ ያለች ድመት በማንኛውም ወር ልትፀንስ ትችላለች። የእንቁላሏ አወጣጥም የተለየ ነው፤ እንቁላሉ የሚለቀቀው ከወንዱ ጋር ስትገናኝ ነው። ካልተገናኘች ደግሞ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ እየተመላለሰ ሌሊቱን ሙሉ ታለቅሳለች። ልጆቿን እያጠባች እንደገና ማርገዟም የተለመደ ነው። «እያጠባች ነውና አታረግዝም» የሚለው ግምት ድመት ላይ አይሠራም።

አሳ የሚጸዳበት አካባቢ ያለ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። የአምባዛ ጭንቅላትና የቀረሶ አንጀት በሚጣልበት ቦታ ምግብ አይታጣም፤ ምግብ ባለበት ደግሞ ግልገሉ ይበዛል። ከዚያ በኋላ በሽታው ይገባና ግልገሎቹ ዓይናቸው በመግል ተጣብቆ አጥር ሥር ይታያሉ።

«ከመከነች አይጥ መያዝ ትተዋለች» የሚል ሥጋትም እሰማለሁ፤ በተለይ እህል ጎተራ ያለው ሰው። አትተወውም። ማደን ከመራባት ጋር የተያያዘ ጠባይ አይደለም፤ ከእናቷ የተማረችውና አብሯት የተወለደ ነው። እንዲያውም ወንድ ፍለጋ ስለማትጠፋ ጎተራው አጠገብ ትውላለች። ወንዱ ድመት ደግሞ ሲመክን ግድግዳና መጋረጃ ላይ የሚረጨው ያ የሚያፍን ሽንት በአብዛኛው ይቆማል። የወጠጤው ሽታ እንደሚጠፋው ማለት ነው።

ሐይቃችንም ከዚህ ውጭ አይደለም። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በውሃ ዳር ሣርና በደንገል ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች ብዙ ናቸው። ያለባለቤት የሚበዛ ድመት እንቁላሉንም ጫጩቱንም ይበላል።

ዲፖ ብትወጋስ? ርካሽ አይደለም ወይ?

ይህን ጥያቄ ከጎረቤቶቼ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ያደረጉትም አሉ። ለሴቶች የሚሰጠው የሦስት ወር መርፌ ለውሻም ይሠራል ብለው ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ያስወጋሉ። እርግዝናን ያስቀራል፤ ነገር ግን ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። በመርፌው ያለው ሆርሞን የውሻና የድመት ማሕፀን ግድግዳን ያወፍራል፣ በውስጡም ፈሳሽ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ያ ፈሳሽ ባክቴሪያ ሲያገኘው ማሕፀኑ መግል ይሞላል። የጡት ዕጢም ሊያስከትል ይችላል፤ አንዳንዶቹንም ለስኳር በሽታ ያጋልጣል። አስቀድማ ያረገዘች ውሻ ከተወጋች ደግሞ በጊዜዋ መውለድ ሊያቅታት ይችላል። ለሰው የተመዘነን መድኃኒት ሦስት ኪሎ ለምትመዝን ድመት መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ማሕፀን መግል መሙላት ሆርሞን ባልተወጉትም ላይ ይደርሳል። በስዊድን በተደረጉ ጥናቶች ካልመከኑ ሴት ውሾች ከአራት ወይም ከአምስት አንዷ ያህል አሥር ዓመት ሳይሞላት ይህ ሕመም ይይዛታል። ወንድ ከፈለገችበት ጊዜ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውሻዋ ውሃ ውሃ ካለች፣ ምግብ ከጠላች፣ ሆዷ ካበጠ፣ ካስመለሳት ወይም ከብልቷ መግል ከወጣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት፤ ካልሆነ ትሞታለች። የመከነች ውሻ እንቁላል ማመንጫዋ፣ ብዙውን ጊዜም ማሕፀኗ ስለሌለ ይህ ሥጋት የለባትም ማለት ይቻላል።

አንዴ እንኳ ትውለድና ትየው

ደግ ከሆነ ልብ የሚወጣ ሐሳብ ነው፤ የእናቴም አቋም ይኸው ነበር። «ልጄ፣ እናትነትን ሳታይ?» ትለኝ ነበር። ውሻ ግን ያልወለደችውን አታስብም፣ አትናፍቅም። ለጤናዋም መውለድ የሚጨምርላት ነገር የለም። ጡቷን በተመለከተ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የጡት ዕጢ የመያዝ ዕድሏ ዝቅተኛ የሚሆነው የመጀመሪያው ወንድ የመፈለጊያ ጊዜዋ ሳይደርስ ከመከነች ነው፤ በዘገየች ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል።

ደግሞም አንዴ ወልዳ ስድስት ብትሆን፣ ሁለቱን ወንድ ዘመድ ይወስዳል። አራቱስ?

ጥበቃው አይጠፋም?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። መልሱ እዚያው ውስጥ ነው። ውሻ ግቢ የሚጠብቀው ቤቱ ስለሆነ፣ የሚያበላውን ስለሚያውቅ ነው። ይህ ሲመክን አይጠፋም። ከወንዱ የሚቀንሰው ሴት ፍለጋ መዞር፣ ከሌሎች ወንዶች ጋር መጣላትና በየምሰሶው መሽናት ነው። ወንድ ውሻ ሌሊቱን ሰፈር ዞሮ ጧት ደክሞ ከሚተኛ በሩ ላይ ቢያድር ጥበቃው ይሻላል እንጂ አይከፋም። ሴቷም ብትሆን ከወንዱ አታንስም።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። በፍርሃት የሚናከስ ውሻ ስለተኮላሸ አይታረምም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ይብሳል። ሰንሰለት ላይ ውሎ ያደረን፣ በድንጋይ የተመታን ውሻ ጠባይ ቀዶ ሕክምና አይመልሰውም።

ጉዳትስ የለውም?

አለው፣ መደበቅም አይገባም። ማንኛውም ማደንዘዣ ሥጋት አለው፤ ለጤናማ ወጣት እንስሳ ትንሽ ቢሆንም ባዶ አይደለም። የመከነ እንስሳ የሚያስፈልገው ምግብ ይቀንሳል፤ እንደድሮው ከተመገበ ይወፍራል። አንዳንድ ሴት ውሾች፣ በተለይ ግዙፎቹ፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ ተኝተው ሳለ ሽንት ያመልጣቸዋል፤ ይህ በመድኃኒት ይረዳል። ጀርመን ሼፐርድን በመሳሰሉ ትልልቅ ዝርያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ዓመት ሳይሞላቸው የመከኑት የመገጣጠሚያ ሕመም እንደሚበዛባቸው አሳይተዋል። ከቆለጥና ከእንቁላል ማመንጫ የሚመጡት ሆርሞኖች አጥንት መርዘሙን መቼ ማቆም እንዳለበት ስለሚነግሩት ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ቢያንስ ዓመት ማለፉን መጠበቅ ይሻላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ከአጥር እንዳይወጡ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለተራው ያገር ውሻ ስድስት ወር ገደማ፣ ለድመት ደግሞ አምስት ወር ሳይሞላት ጥሩ ዕድሜ ነው።

ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ማምከን ክትባት አይደለም። የመከነ ውሻም ካልተከተበ በእብድ ውሻ በሽታ ይያዛል፣ ያስይዛልም። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው መከተብ፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ መደገም አለበት።

ግንኙነቱ ሌላ ቦታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ ሰው ላይ የሚደርሰው በሽታ 99 በመቶ የሚተላለፈው በውሻ ነው። ከተነከሱት ውስጥ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚሄድበት መንገድ ይቋረጣል። አሁን ጠላ አስቡ። ጠላው ጠንካራ ሆኖ ተጠምቆ ሳለ ውሃ በተጨመረበት ቁጥር እየቀጠነ ቅራሪ ይሆናል። በዘመቻ 70 በመቶ ውሻ ቢከተብም በዓመቱ ያልተከተቡ አዳዲስ ቡችላዎች ሲጨመሩ፣ የተከተቡትም በአጭር ዕድሜያቸው ሲሞቱ መከላከያው ይቀጥናል። ማምከን ውሃው እንዳይጨመርበት ያደርጋል። የጠላው ጥንካሬ ግን ክትባቱ ነው፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ከሰው ሁሉ በላይ ልጆች ላሉት ቤት የምነግረው ይህን ነው። ውሻ ወይም ድመት ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው የሚድን አይደለም ማለት ይቻላል። ጸበሉንም ጸሎቱንም ሳትተዉ ክትባቱን አታዘግዩ።

ስጋቱ ለዱር እንስሳም ነው። በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ጓሳ የሚኖረው፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ጎልማሳ የቀረው ቀይ ቀበሮ፣ ከገበሬው ውሻ በሽታ ይወስዳል፤ ከውሻ ጋርም ይዳቀላል። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ገድሏል።

መርዝ አይቀልም?

በአገራችን ከተሞች ለረጅም ዓመታት የተሠራበት መንገድ ነው፤ ስትሪክኒን የተባለው መርዝ በሥጋ ተደርጎ ይጣላል። ያየ ሰው አይረሳውም። እንስሳው አእምሮውን ሳይስት፣ ጡንቻው እየተኮማተረ ይሞታል። የሞተውን የበላ ጅብና ጥንብ አንሳም አብሮ ይሞታል።

ጭካኔውን ትተን ውጤቱን ብንመለከት እንኳ አይሠራም። ቆሻሻውና የልኳንዳ ትርፍራፊው እንዳለ እስካለ ድረስ የተገደሉት ቦታ ባዶ አይቆይም፤ ከአጎራባች ሰፈር ሌሎች ይገባሉ፣ የተረፉት ሴቶችም ምግብ ስለሚበዛላቸው ብዙ ግልገል ያሳድጋሉ። ከተገደሉት መካከል የተከተቡ ካሉ ደግሞ የሰፈሩ መከላከያ አብሮ ተገድሏል። በሌላ በኩል የመከነና የተከተበ ውሻ ቦታውን ይዞ ይቆያል፣ አዲስ መጤውን ያባርራል፣ አይወልድም። ቡታን እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረችውን የማምከንና የመክተብ ሥራ በ2023 ወደ መላ አገሪቱ ውሾች አድርሻለሁ ብላ አስታውቃለች፤ ሥራው በጠቅላላው ከ150,000 በላይ ውሾችን አካቷል። እነዚህ ውሾች ለመለያ ጆሯቸው ጫፍ ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ እኛ ከብት ስንለይ እንደምናደርገው።

«እኛ ምን እናድርግ፣ የመንገድ ውሻ ነው» የሚለውም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። በአፍሪካ ከተሞችና ገጠሮች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት መንገድ ላይ ከሚታዩት ውሾች ብዙዎቹ ቤት አላቸው፤ ቀን ወይም ማታ የሚለቀቁ ናቸው።

ኃጢአት አይሆንም?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች በቅን ልብ የሚጠይቁ ስለሆኑ በቅን ልብ መመለስ እፈልጋለሁ። ሃይማኖታዊ ፍርድ መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም፤ ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሸኻችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሻና ድመት ዱር ውስጥ የተፈጥሮ ሥርዓት የሚመዝናቸው እንስሳት አይደሉም። ቤታችን አስገብተናቸዋል፣ የሚበሉትንና የሚያድሩበትን የምንወስነው እኛ ነን። ሳንወስን ስንቀር ያ ካርቶን ሐይቁ ዳር ይቀመጣል።

ቀዶ ሕክምናው ዕለት ምን ይሆናል?

መጀመሪያ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ባሕር ዳር ዙሪያ ያሉት የእንስሳት ሐኪሞች በአብዛኛው የሚውሉት ከከብትና ከበግ ጋር ነው፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራሉ። ሴት ውሻ ቀደው ያውቃሉ ወይ? የሚያስተኛት መድኃኒት ምንድን ነው? የሕመም ማስታገሻስ ይሰጣታል? እስክትነቃ ማን አጠገቧ ይቆያል? ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም።

ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን ባይሠራላት ይመረጣል፤ ደም ስሮቿ ስለሚሞሉ ብዙ ትደማለች። ሁለት ሦስት ወር ማሳለፍ ነው። ጭቃው ቁስል ስለሚያበላሽ፣ የሚቻል ከሆነ ክረምቱን አልፎ በበጋ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ትልቅ ውሻ ምግብ አይበላም፤ ተኝቶ ሳለ ቢያስመልሰው ወደ ሳምባው ይገባልና። ትንንሽ ግልገሎች ግን ብዙ ሰዓት መጾም አይችሉም፤ ሐኪሙ የሚለውን ሰዓት መጠበቅ ነው።

የእኛን ውሻ ጎረቤት ሊጥላት ሲል ነው የወሰድናት። በሦስት ወሯ ተከተበች፣ በሰባተኛ ወሯ መከነች። ወደ ቤት ስትመለስ እየተንቀጠቀጠች ነበር፤ ማደንዘዣ የሰውነት ሙቀት ይቀንሳል። እናቴ የራሷን ነጠላ አምጥታ ሸፈነቻት። ማታ ትንሽ ምግብ ብቻ ሰጠናት። በማግስቱ ድዷን ገልጠን አየን፤ ሮዝ ነበር። ነጭ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ውስጥ ውስጡን እየደማች ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መሮጥ ነበረብን። ቁስሉን እንዳትልሰው ከአሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ ታች ቆርጠን አንገቷ ላይ አሠርንላት፤ ዐሥር ቀን አላጠብናትም፣ እንድትዘልም አልፈቀድንላትም። ቁስሉ ቢሸት፣ መግል ቢይዝ ወይም ቢከፈት እንድንመልሳት ተነግሮን ነበር፤ አላስፈለገም።

ወንድ ያስመከነ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ቀድሞ የተዘጋጀ ዘር በሰውነቱ ውስጥ ስለሚቀር ለአንድ ወር ያህል ማስረገዝ ይችላል፤ እስከዚያ በር ይዘጋበት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ስፌቷ ተፈታ። የዚያን ዕለት ማታ አንድ ሰው በራችንን ገና ከመንካቱ ጮኸችበት፤ ጎረቤታችን እትዬም ከአጥሩ ወዲያ ሆነው «አሁንም እሷው ናት?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ናት የመለሰችላቸው፤ «አዎ፣ እሷው ናት» ብላ።